የማን ልጅ ነሽ?

የዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሔት አዘጋጆች የባቻችንን ዝርዝር ልከው «አንቺ ብዙ ሰው ታውቂያለሽ፣ እስኪ አረጋግጪልን» ሲሉኝ አንድ ልጅ ጎድሏል ብዬ መለስኩላቸው። አናቶሚ ክፍል አንድ ጠረጴዛ የተጋራን፣ በኢንተርንነት ዘመናችን ተረኛ ስንሆን ሻይ ተበድረን የጠጣን ልጅ ነው፤ እንዴት ይረሳል? ሁለት ሳምንት ካፈላለግን በኋላ አገኘነው። ለካስ እዚያው ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፣ ግን በአያቱ ስም። አሜሪካ ገብቶ ቅጽ ሲሞላ የመጨረሻው ሳጥን የአያቱን ስም ዋጠ፤ እኛ የምንጠራው የራሱ ስም ደግሞ አንዲት ፊደልና አንዲት ነጥብ ሆኖ ቀረ። አያቱን ማንኛችንም አናውቃቸውም። እሱም ቢሆን በሕፃንነቱ አንዴ አይቷቸው እንደሆነ ነው።

ስለ ስም እንድጽፍ ያደረገኝ ይኸው ነው። የታሪክ ባለሙያ አይደለሁም፣ ሐኪም ነኝ። ግን ሐኪም በቀን ስንት ጊዜ ስም እንደሚጠራ ታውቁታላችሁ፤ ስም ሲሳሳት ምን እንደሚመጣም እንደዚያው።

የሐሙሲት ልጅ ነኝ። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ አውቶቡሱ ቆሞ በቆሎ ጥብስ በመስኮት የምትገዙባት የደራ ከተማ እሷ ናት። ስሟ የገበያ ቀን ነው። ማክሰኝትም አርብ ገበያም እንደዚሁ በቀን የተጠሩ ናቸው፤ በአገራችን ከተማ ሳይቆረቆር በፊት ገበያው ይቆማል። ልጅ ሆኜ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ መሐል ሲያገኙኝ ትልልቅ ሰዎች ስሜን አይጠይቁኝም ነበር። «የማን ልጅ ነሽ?» ነበር ጥያቄው። የአባቴን ስም ስናገር «የእገሌ የልጅ ልጅ!» ይሉና ቀጥለው «እናትሽስ የማን ናት?» ይላሉ። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም። አንድ የራስ ስም አለ፣ ቀጥሎ የአባት፣ ቀጥሎ የአያት። ሰውዬው አቶ የሚባለው በራሱ ስም ነው፤ ሴቷም ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። እቴጌ ጣይቱ ንጉሠ ነገሥት አግብተውም ጣይቱ ብጡል ናቸው። ስሙም ትርጉም አለው፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ማንያዘዋል ጥያቄ ነው። ኑርልኝ ልመና ነው። ደሳለኝ ምስጋና፣ ስንታየሁ ደግሞ ብዙ ካየች እናት አፍ የወጣ እሮሮ ነው። አንዳንዴ የልጅና የአባት ስም ሲገጥሙ ሳይታሰብም ሆነ ታስቦ አንድ ሐሳብ ይሆናሉ። ሐዲስ ዓለማየሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፤ አዲስ ዓለም ያየ ሰው ይናገራል። መንግሥቱ ለማም እንደዚያው፤ በዓሉ ግርማም።

የማኅፀንና ፅንስ ዋርድ ስሠራ ነው ስም የሕክምና ታሪክ መሆኑ የገባኝ። መጽሐፉ የሚያዘው ስንት ጊዜ አርግዛለች፣ ስንት ወልዳለች፣ ስንት ሞቶባታል ብላችሁ እንድትጠይቁ ነው። የገጠር እናት የሞተ ልጅ መቁጠር አትወድም። «ስንት ልጅ አለሽ?» ስትሏት ያሉትን ብቻ ትነግራችኋለች። ስማቸውን ጠይቋት። ምትኩ ካለ ከእሱ በፊት የሄደ አለ። ካሳ፣ ተተካ፣ ማስረሻ፣ አስረስ፣ እነዚህ ሁሉ ከኋላቸው ባዶ ቦታ ያላቸው ስሞች ናቸው። ይቆየኝና ሰነበተ የሚሉትን ስሰማ እናትየው ሁለት ወይም ሦስት ቀብራ በአራተኛው ላይ እየተለማመጠች እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ ቀስ ብዬ ስጠይቅም ብዙውን ጊዜ ያው ነው። እናትነሽ የምትባል ልጅ ስትወለድ አያቷ ወይም የእናቷ እናት ቅርብ ጊዜ ያረፈች ልትሆን ትችላለች። ሞት ንቆ ያልፈዋል ተብሎ የሚያዋርድ ስም የሚወጣለትም አለ፤ ባሪያው የሚለው ስም እንዲህ ነው። ይህን የኋለኛውን አልወደውም፤ ልጁ አድጎ ክፍል ውስጥ ሲጠራ የሚሰማውን ስላየሁ። ግን ያወጣችው እናት ምን ፈርታ እንደሆነም ስለማውቅ መፍረድ አልችልም።

ካሳ ስል ደብረ ታቦር ትዝ ይለኛል። ከተማዋን መቀመጫ ያደረጉት፣ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩት ንጉሥ ሲወለዱ ካሳ ኃይሉ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ቴዎድሮስ የተባሉት፣ ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ መጥቶ ዓለምን ያስተካክላል የሚል ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ስላለ ነው። ስም እዚህ ላይ ፖለቲካ ሆነ ማለት ነው። በጦር ሜዳ ደግሞ በፈረሳቸው አባ ታጠቅ ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ዮሐንስም ሲወለዱ ካሳ ነበሩ፣ ካሳ ምርጫ፣ በፈረስ ስማቸው አባ በዝብዝ። የምኒልክ አባ ዳኘው ነው። ቋራ ተወልደው ጎንደር የገዙት እቴጌ ደግሞ ምንትዋብ በቤት፣ ወለተ ጊዮርጊስ በክርስትና፣ ብርሃን ሞገሳ በዙፋን ነበሩ። አንድ ሰው ሦስት ስም ሲኖረው የትኛውን ነው ካርድ ላይ የምንጽፈው? ቀልድ አይደለም፤ ዛሬም የሚገጥመን ነው።

የክርስትና ስም ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ይሰጣል። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው እሱን ነው፤ ሲቆርቡም፣ ሲሞቱ ለፍትሐትም የሚጠራው ያው ነው። መድኃኒት ይደረግብኛል ብሎ የሚሸሽገውም ብዙ ነው። እነዚህ ስሞች በግእዝ የተጣመሩ ናቸው፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ለወንድ፣ ወለተና አመተ ለሴት። ሁለቱ ቃል አንድ ስም ነው፣ መሐሉ ላይ ቢላዋ አይገባም። ከሐሙሲት ወደ ጣና ዳር ስትወርዱ ቆራጣ አለች፤ በ17ኛው መቶ ዘመን የሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት እምቢ ብላ የተሰደደችው፣ ገድል የተጻፈላት ወለተ ጴጥሮስ አገር። ወለተ ብቻውን «ልጅ» ማለት ነው፤ ጴጥሮስ ብቻውንማ ሌላ ሰው ነው። ፈረንጆች ግን ኃይለ ሥላሴን «ሥላሴ» እያሉ ይጽፋሉ። ንጉሡ ይህን ሲያዩ ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። «እናትሽስ የማን ናት?»

ለምንድን ነው የቤተሰብ ስም ያላወጣነው? ኋላ ቀር ስለሆንን ነው የሚል መልስ ከተማሪዎች ሰምቻለሁ። እኔ እንደሚመስለኝ ምክንያቱ መሬት ነው። በበጌምድርና በጎጃም ርስት የሚቆጠረው በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናትም ነው። አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም ልጅ በኩል ትውልዱን ቆጥሮ መድረሱን ያስረዳ ሁሉ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአባቱ እናት በኩል እዚህ፣ በእናቱ አባት በኩል እዚያ ርስት ይጠይቃል። ከአባት ወደ ልጅ በአንድ መስመር የሚወርድ ስም ለእንዲህ ያለ ሰው ምን ይጠቅመዋል? ከመስመሮቹ አንዱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን ያስረሳዋል። የሚያስፈልገው በቃል የሚያዝ ሰፊ ቆጠራ ነበር፤ ሴቶቹም በስማቸው የሚጠሩበት። ለጋብቻም ያው ነው። ሰባት ቤት ሲቆጠር የእናት ወገን አይዘለልም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የርስት ክርክር አበቃ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር፣ ይህን አልክድም። በእኛ አገር ግን አብሮ የሄደ ነገር አለ፤ ዳኛ ፊት ቆሞ አያት ቅድመ አያት፣ ወንድ ሴት እያለ የሚቆጥር ሽማግሌ ሥራ ፈታ። ልጆቹ ቆጠራውን የሚማሩበት ምክንያት አልነበራቸውም። ከዚያ ወዲህ የቀረልን ትምህርት ቤትና ቀበሌ የሚጽፉት ሦስት ስም ነው፤ ልጅ፣ አባት፣ አያት። ሦስት ስም፣ አንድ መስመር፣ ከተሸካሚዋ ሌላ አንዲት ሴት የለችበትም።

ሕጉማ ቀድሞም ሌላ ነገር አስቦ ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራስ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ቱርክ በ1934 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የቤተሰብ ስም በሕግ ስታስገድድ ሕዝቡ ሁሉ ስም መርጦ ተመዘገበ። የእኛ አንቀጽ መጽሐፍ ውስጥ ተቀመጠ፣ ሕዝቡ በአባቱ ስም መጠራቱን ቀጠለ። አይስላንዶችም እንደኛው በአባት ስም ይጠራሉ፣ የስልክ ማውጫቸውን እንኳ በራስ ስም ነው የሚደረድሩት። ያንን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ብቻችንን አይደለንም።

አጠራሩ ሌላ ጣጣ ነው። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። ገበያው የሚለው ስም «ያ» ላልታ ትነበባለች፣ ገበያ ቀን ለተወለደ ልጅ ይሆናል። ገበየሁ ላይ ግን «የ» ትጠብቃለች፤ ሸመትኩ፣ አተረፍኩ ማለት ነው፤ አድዋ ላይ የወደቁት ፊታውራሪ ገበየሁ አባ ጎራ ስም። አበበና አበባም በፊደል አንድ ሐሳብ ይመስላሉ፣ ባፍ ሲነገሩ «በ» አንዱ ላይ ትጠብቃለች፣ አንዱ ላይ ትላላለች። አገርኛው አነጋገርም አለ። እኛ ጋ አሮጊቶች ጸሎትን ጠሎት፣ ፀሐይን ጠሐይ ይላሉ፤ ከዚያም ጣይ። ጣይቱ የሚለው የእቴጌዋ ስም የሚፈታው በዚህ አነጋገር ነው፣ ፀሐይቱ ለማለት።

ካርድ ክፍል ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ኮምፒውተር ሳይመጣ ካርዱ በፊደል ተራ ይደረደር ነበር። ኃይሉ በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ ሲብስም በሃ ሊጻፍ ይችላል፤ ካርዱ አራት መደርደሪያ ላይ ይፈለጋል። ዓለሙ በዐይኑ ወይስ በአልፋው? ሠናይትስ? በሽተኛዋ ማንበብ ካልቻለች የሚወስነው በዚያ ቀን የጻፈው ሠራተኛ ነው። ካርዱ ሲጠፋ አዲስ ይወጣል፣ አዲስ ሲወጣ የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈው የመድኃኒት አለርጂ አብሮ ይጠፋል።

የራሴን ጥፋት ልናገር። ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ገና አዲስ ሐኪም ሳለሁ፣ አንድ ዋርድ ውስጥ የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት እናቶች ተኝተው ነበር። አንዷ ከወሊድ በኋላ ደም እየፈሰሳት ነው። ለደም ማመሳሰያ ናሙናውን የቀዳሁት እኔ፣ ብልቃጡ ላይ ሁለት ስም ብቻ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ደሙ ሲመጣ ተረኛዋ ነርስ ወደ ሌላዋ አልጋ ይዛው ሄደች። ከመስቀሏ በፊት ግን በአገር ቤት ልማድ «ከወዴት ነሽ? የማን ልጅ ነሽ?» አለቻት። ሴትየዋ የአያቷን ስምና መንደሯን ነገረቻት። ነርሷ ቆመች፣ ወረቀቱን አየች፣ ወደኔ ዞረች። ምንም አላለችኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ጋ የሚሠሩ ተማሪዎች የአያት ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥርና ቀበሌ ሳይጽፉ ናሙና አይልኩም። ቁጡ ናት ይሉኛል አሉ፤ ይበሉ።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ይብሳል። ጠ እና ተ አንድ «ቲ» ይሆናሉ፣ ጨ እና ቸ አንድ ይሆናሉ፣ ፀሐይ አንዱ ጋ በቲ-ኤስ፣ አንዱ ጋ በኤስ ብቻ ትወጣለች። መጨረሻ ላይ ያለችውን «ኢ» ፈረንጅ አያነባትም፤ ከበደ «ከቢድ»፣ ጫኔ «ቼን» ሆኖ ይቀራል። መምህራን ጓደኞቼ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጥናት ስናሳትም ሙሉ ሆኖ የሚታየው የአባታችን ስም ነው፣ የኛ አንዲት ፊደል። የአባታቸው ስም ዓለሙ ወይም ከበደ የሆነ ስንት ተመራማሪ አለ! አንዱ ጽሑፉ ላይ አባቱን፣ ሌላው ላይ አያቱን ካስቀደመ ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። በሮም ኦሊምፒክ ባዶ እግሩን የሮጠው አበበ ነው፣ የዓለም ጋዜጣ ግን እስከ ዛሬ «ቢቂላ አሸነፈ» ይላል። የኢትዮጵያ ታሪክ ጸሐፍት በመጽሐፎቻቸው ዝርዝር ኢትዮጵያውያንን በራስ ስም ይደረድራሉ፤ እኛ የጤና ሰዎች ይህን ለመጠየቅ እንኳ አልደፈርንም።

ጓደኛዬ የሚሠራው ሉዊዚያና ነው። እንግሊዞች ከ1755 ጀምሮ ከዛሬዋ ካናዳ ያባረሯቸው የፈረንሳይ ዘሮች፣ ኬጀን የሚባሉት፣ እዚያ አሉ። በስልክ ስለ ስሙ ሲያማርር አብራው የምትሠራ የኬጀን ተወላጅ ነርስ ሳቀችበት አለኝ። በእነሱ ዘንድ በኤች ተጀምሮ በቲ የሚያልቅ የተለመደ ስም አለ፤ ሁለቱም ፊደላት አይነበቡም፣ «ኤቤር» ነው የሚባለው። ቦድሮና ቲቦዶ የሚባሉትም መጨረሻቸው ላይ አራት ፊደል ተደርድሮ የሚሰማው «ኦ» ብቻ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ሁሉ ያበላሽባቸዋል፣ እነሱም በአጠራሩ ወገናቸውን ይለያሉ። ልዩነቱ፣ የእነሱ ስም ተበላሽቶም ቢሆን መንገዱን አይስትም፤ ከአያት ወደ አባት ወደ ልጅ ይወርዳል። የእኛ ግን ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ ይበታተናል። አባት በአያቱ፣ እናት በአባቷ፣ ልጅ በአባቱ ስም ሲጻፉ ሦስት ቤተሰብ ይመስላሉ፤ ኤርፖርት ላይ «ልጁ ያንቺ ነው?» ተብላ ላብ ያጠመቃት የባቻችን ሴት አለች። ከጎንደር አምቦበርና አካባቢው ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤሎች ደግሞ ብዙዎቹ ሲደርሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው፣ የአባት ወይም የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ተመዘገበ። ካደጉ በኋላ የልጅነት ስማቸውን የመለሱ አሉ።

ይህን ጽሑፍ በእውነት ያጻፈኝ ግን ሌላ ታካሚ ናት። የጡት ካንሰር ያለባት፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች የደጋ ሴት ነበረች። በዚህ ዕድሜ ሲመጣ በዘር የሚወርድ መሆን አለመሆኑን እንጠይቃለን። ይህ ጂን ከእናትም ከአባትም እኩል ይመጣል፤ ካለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የመድረስ ዕድሉ ግማሽ ነው። የአባቷን ወገን ጠየቅኳት፤ እስከ ስድስት አባት ሳትተነፍስ ቆጠረችልኝ። የእናቷን እናት ስም ስጠይቃት «እማማ ነው የምንላት» አለችኝ። የእናቷ እህቶች? የሞቱ አሉ፣ አንዷ «ጡቷን አሟት»፣ ሌላዋም «በደረት ቁስል»፣ የአንዷን የዳቦ ስም ታውቃለች፣ የሌላዋን የቤት ስም። በወረቀቴ ላይ ሁለት ክብ ሠርቼ ሁለቱንም አጠቆርኳቸው። እናቷ ካሉ ሁሉ የሚበዛባት ይሄ ወገን ነው ብዬ ልደመድም ስል፣ ውጭ ጸሐይ የሚሞቁትን እናቷን አስገባኋቸው።

እማማ ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም። ስሞቹን ጠራሁላቸው። «ልጄ፣ እሷኮ አንድ ናት» አሉኝ። ታናሽ እህታቸው ስታገባ አማቷ አዲስ ስም አውጥታላት ነበር፤ በባሏ አገር በዚያ ስም ኖራ በዚያ ስም ሞተች። በእነሱ መንደር ግን የድሮው ስሟ አልተረሳም። ልጅቱ ከሁለቱም አገር ወሬውን ሰምታ ሁለት አክስት አድርጋ አድጋለች። አንዱን ክብ ሰረዝኩት። ቀጥለው እማማ ሳልጠይቃቸው የእናታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የአያታቸውን እናት ስም ቆጠሩልኝ፤ ማን ምን ታማ እንደሞተችም። ጣታቸውን እያጠፉ። አባታቸው የርስት ክርክር ላይ ሲቆጥሩ ከጎን ተቀምጠው የሰሙት ነው። የዚያን ቀን ካርድ ላይ የጻፍኩት የዘር ሐረግ በሥራ ዘመኔ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሟላው ነው፤ ለሌሎቹ ሁለት ሴት ልጆቻቸውም ምርመራ ያዘዝኩት በእሱ ላይ ተመሥርቼ ነው።

ባለፈው ፋሲካ ሐሙሲት ሄጄ እናቴን አስቀመጥኳትና ጠየቅኳት። በአባቴ በኩል ሰባት ቤት አለኝ፣ ድሮም አውቀው ነበር። በእናቴ እናት በኩል አራት ደረስን። አራተኛዋ ላይ እናቴ ዝም አለች፤ «ስሟን ታላቅ እህቴ ነበረች የምታውቀው» አለችኝ። አክስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። የአራቱን የቤት ስማቸውን፣ የሁለቱን የክርስትና ስም፣ የአንዷን አማቷ ያወጣችላትን ጨምሬ ደብተር ላይ ጽፌያለሁ፤ ልጆቼም ገልብጠውታል፣ ትንሹ በስህተት ቢሆንም።

ለአዘጋጆቹ ሁለት ነገር ጠይቄ ፈቅደውልኛል። አንደኛው፣ ዝርዝሩ በራስ ስም ይደረደር፤ ስለዚህ የሉዊዚያናው ጓደኛችንን በዚህ መጽሔት ውስጥ በድሮው ስሙ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛው፣ በሚቀጥለው ጊዜ በምትሞሉት ቅጽ ላይ ከአባት ስም ሥር አንድ ባዶ መስመር ይኖራል። የእናታችሁ ነው። ከነአባቷ ብቻ ሳይሆን ከነእናቷ ጻፉት፣ የምታውቁትን ያህል። እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ቅጹ እስኪደርሳችሁ አትጠብቁ፣ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው።